ሌሊት ተነስቼ እየዋኘሁ ሰዓቴ ለምን ባሰበት?

ጥያቄ፦

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 37 ነው፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው፤ ባንክ ቤት እሠራለሁ፤ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሐይቅ ዳር ተወልጄ ባድግም ዋና የተማርኩት ከ30 ዓመቴ በኋላ በሆቴል ገንዳ ነው። አሁን ከጓደኞቼ ጋር ሆነን በአንድ አሰልጣኝ ሥር ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገንዳ እንገባለን፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ጣና ላይ እንዋኛለን። 2 ሰዓት ሥራ ስለምገባ የግድ በ10 ሰዓት ተኩል መነሳት አለብኝ። ማታ ከጎረቤቶቼ ጋር ቡና ጠጥተን፣ ልጆቹን አስተኝቼ፣ የነገ ምሳ ዕቃቸውን አዘጋጅቼ፣ ስልኬን ትንሽ ነካክቼ ዓይኔን የምከድነው ወደ 6 ሰዓት ግድም ነው። ሰውነቴ ይህን ከለመደ ቆይቷል። የቸገረኝ ሰዓቴ ነው። መስከረም ላይ 100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ በ1 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ እጨርስ ነበር፤ አሁን 1 ከ57፣ 1 ከ58 ሆኗል። ተገልብጦ መዞር እየተማርኩ ነው፤ ዛሬ የያዝኩት ነገ ይጠፋብኛል። ከኅዳር ወዲህ ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይዞኛል። አሰልጣኙ «ልምምድ አንሶሻል፣ ዓርብንም ጨምሪ» ይለኛል። ከትንሣኤ በኋላ እርስ በርሳችን ውድድር አለን፤ ያለፈው ጊዜ ዋዜማውን ስገላበጥ ነው የነጋው። ዓርብን ልጨምር? ለዋዜማውስ የእንቅልፍ ኪኒን ብወስድ? የልምምድ ደብተሬን አንድ ገጽ ፎቶ አንስቼ ልኬልዎታለሁ።

ዋናተኛዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

እታለም፣ ዓርብን አትጨምሪ። ኪኒኑንም ለጊዜው ተዪው፤ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ራስሽ የላክሽልኝን ገጽ እንየው።

ደብተርሽን ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈስሷል፤ ቢሆንም ይነበባል። ማክሰኞ 1 ከ58። ረቡዕ 1 ከ57፣ ጎኑ ላይ «እጄ ከበደኝ» ብለሻል። ሐሙስ 1 ከ52! ከሥሩ በደቃቅ ጽሕፈት «ማታ መብራት ጠፋ፤ ምሳ ዕቃ ሳልሠራ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ከልጆቹ ጋር ተኛሁ» የሚል አለ። ቅዳሜ ተመልሶ 1 ከ57። ሐሙስ ዕለት አሰልጣኙ የተለየ ነገር አልሰጠሽም፤ ገንዳውም ያው ገንዳ ነው። የተለየው ነገር ሰባት ሰዓት መተኛትሽ ብቻ ነው። የአንድ ቀን ቁጥር ማስረጃ አይሆንም፤ ያን ቀን ቁርስሽም ስሜትሽም ተስማምቶሽ ሊሆን ይችላል። ግን አንቺ በራስሽ እጅ ጽፈሽ ያለፍሽው ነገር ስለሆነ ከሱ እንነሳ።

በሌሎቹ ቀናት ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ተኩል፣ አራት ሰዓት ተኩል ነው አልጋ ላይ የምትቆዪው። እንቅልፍ እስኪወስድሽ ያለው ሲቀነስ አራት ብንለው ለእውነቱ ይቀርባል። የእንቅልፍ ሐኪሞች ለአዋቂ የሚመክሩት በትንሹ ሰባት ሰዓት ነው፤ ሰውነቱን በልምምድ ለሚያደክም ሰው ከዚያም ከፍ ይላል። እንግዲህ በአራቱ የገንዳ ቀናት ብቻ በሳምንት አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል እንቅልፍ ይጎድልሻል። አሰልጣኝሽ ይህን ጉድለት ከውሃው ጠርዝ ቆሞ ሲያየው የልምምድ ማነስ ይመስለዋል። አልፈርድበትም፤ እሱ የሚያይሽ ከ11 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው።

«ሰውነቴ ለምዷል» ያልሽው ላይ ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጤነኛ ሰዎችን በቡድን ከፍሎ ለ14 ቀናት በየሌሊቱ ለአንዱ አራት፣ ለአንዱ ስድስት፣ ለአንዱ ስምንት ሰዓት ብቻ የመኝታ ጊዜ ሰጣቸው። በየቀኑ ንቃታቸው ይለካ ነበር። የስድስት ሰዓቶቹ እንኳ ቀን በቀን እየባሰባቸው ሄዶ መጨረሻ ላይ ውጤታቸው ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ካደረ ሰው ጋር ተመሳሰለ። የአራት ሰዓቶቹማ ከዚያም አለፉ። የሚገርመው፣ «እንቅልፍ ይጫጫናችኋል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙም አይሰማንም ነው ያሉት። የስድስት ሰከንድ መዘግየትሽ ሳይሰማሽ የመጣውም እንዲሁ ነው፤ ድካሙ እያለ ድካሙን የሚነግርሽ ስሜት ደንዝዟል።

በዋናተኞች ላይ የተሠራው ጥናት ብዙ አይደለም፤ ያለውም በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። ሦስቱን ልንገርሽ፤ እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ቢመስሉም ያንቺን ጉዳይ በደንብ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ነው። ዋናተኞች ለአራት ተከታታይ ሌሊት በየሌሊቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ተቀነሰባቸው። የእጃቸው ጉልበት ተለካ፣ ሳንባቸው ተለካ፣ የመዋኛ ሰዓታቸው ተያዘ፤ ለውጥ የለም። የተበላሸው ጠባያቸው ነው፤ ድካም፣ ንዴት፣ ጭንቀት፣ ግራ መጋባት ጨመረባቸው። አሰልጣኝሽ ይህን ቢያነብ ደስ ይለው ነበር፤ «አየሽ፣ እንቅልፍ ሰዓትሽን አይነካም» ለማለት ይመቸዋል። ግን አራት ሌሊት በእልህ ይታለፋል። ያንቺ ከመስከረም ጀምሮ ነው። ከዚህ ጥናት የምወስደው ሌላ ነገር አለ፤ እንቅልፍ ማጣት ከውሃው በፊት ቤት ውስጥ ነው የሚታየው። ልጆችሽን «እማዬ ሰሞኑን ትቆጣለች?» ብለሽ ጠይቂያቸውማ። ልጅ ይሉኝታ የለውም።

ሁለተኛው ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቼሪ ማህ የምትባል ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲውን አምስት ዋናተኞች ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት በቀን አሥር ሰዓት ለመተኛት እንዲጥሩ አደረገች። 15 ሜትሩን ከበፊቱ በ0.51 ሰከንድ ፈጥነው ዋኙ፤ ከመነሻው ሰሌዳ ላይ በ0.15 ሰከንድ ቀድመው ተወረወሩ፤ መታጠፊያቸው በ0.10 ሰከንድ አጠረ፤ የእግር ምታቸው ጨመረ። አምስት ሰው ነው፤ አጠገባቸው እንደወትሯቸው እየተኙ የሚነጻጸሩ ሌሎች አልነበሩም። ስለዚህ «አሥር ሰዓት ተኚ፣ ግማሽ ሰከንድ ታገኛለሽ» ብዬ አልሸጥልሽም። አሥር ሰዓት ለመተኛት ደግሞ መጀመሪያ ልጆችሽን ለሌላ ሰው መስጠት ይኖርብሻል! የምይዘው አቅጣጫውን ነው፤ ወጣቶቹም ሳያውቁት የእንቅልፍ ዕዳ ነበረባቸው፣ ሲከፍሉት ፈጠኑ።

ሦስተኛው በቀጥታ አንቺን ይመለከታል። በአውስትራሊያ ለቤጂንግ ኦሊምፒክ ሲዘጋጁ የነበሩ ሰባት ዋናተኞች ለሁለት ሳምንት ክትትል ተደረገባቸው፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ልምምዳቸው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይጀምራል። በልምምዱ ዋዜማ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም አልጋ ይገባሉ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ይነሳሉ። በአማካይ የተኙት ግን 5 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ብቻ! በዕረፍት ቀን ዋዜማ ግን እኩለ ሌሊት አልፎ ተኝተው 7 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ተኝተዋል። ልብ በዪ፤ እነዚህ ሰዎች ሥራቸው መዋኘት ነው። ምሳ ዕቃ የለባቸውም፣ የባንክ መስኮት የለባቸውም። አሰልጣኝ፣ ሐኪምና ምግብ አብሳይ አላቸው። እነሱ እንኳ የንጋቱን ልምምድ የከፈሉት ከእንቅልፋቸው ነው።

ለምን ቀድመው ተኝተው አላካካሱትም? ማታ ላይ፣ ከለመድነው የመኝታ ሰዓት በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰዓታት፣ ሰውነት ንቃቱን ከፍ ያደርጋል። ዛሬ ማታ ተነስተሽ «ከ3 ሰዓት ጀምሮ እተኛለሁ» ብትዪ ጣሪያ እያየሽ ትቆያለሽ። መብራት የጠፋ ዕለት የቀናሽ ጨለማው፣ የስልኩ ባትሪና የቀኑ ድካም ተባብረው ነው። ስለዚህ የመኝታ ሰዓትሽን በሁለት ሦስት ቀን አንዴ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ቀደም አድርጊው፤ በአንድ ሌሊት አታዙሪው።

አሁን «እጄ ከበደኝ» ወዳልሽው። እንቅልፍ ያጣ ሰው አንድ ጊዜ ኃይሉን ሰብስቦ መግፋት አያቅተውም፤ ብዙውን ጊዜ ጉልበቱ አለ። የሚከብደው መደጋገሙ ነው። ያው ፍጥነት፣ ያው የልብ ምት፣ ግን ለራሱ እንደ ዳገት ይሆንበታል። በዋና ላይ ይህ የሚብሰው ውሃ ስልት ስለሚፈልግ ነው። የደከመ ሯጭ ቢዘገይም ይሮጣል፤ የደከመ ዋናተኛ ክርኑ ይወድቃል፣ ዳሌው ይሰምጣል፣ ለመተንፈስ ጭንቅላቱን ከልክ በላይ ያነሳል፣ ውሃውም ያንኑ ያህል ይጎትተዋል። ስድስቱ ሰከንድ የሄዱት እዚያ እዚያ ነው።

ተገልብጦ መዞሩም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል። ይህ መታጠፊያ አንድ እንቅስቃሴ አይደለም። ግድግዳው ሲቀርብ የመጨረሻውን ቀዘፋ መመጠን፣ አገጭን ወደ ደረት መክተት፣ በአፍንጫ አየር እየለቀቁ መገልበጥ፣ እግርን ግድግዳው ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ ሰውነትን እንደ ዘንግ ዘርግቶ መገፋት። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ገንዳችሁ 25 ሜትር ከሆነ ደግሞ በ100 ሜትር ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለ ቅደም ተከተል የሚጠናው ገንዳው ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ሌሊት ያስቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት በጣቶቻቸው ቅደም ተከተል እንዲመቱ የተማሩ ሰዎች ያለ ተጨማሪ ልምምድ፣ ተኝተው ስላደሩ ብቻ በማግስቱ ፈጠኑ። ያገዛቸው በተለይ በሌሊቱ ማብቂያ ያለው እንቅልፍ ነበር። ጣት መምታት ዋና አይደለም፤ ይሁንና አንቺ በየቀኑ በ10 ሰዓት ተኩል አላርም የምትቆርጪው ያንኑ የመጨረሻውን ክፍል ነው። ጡንቻ የሚጠግነው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በመጀመሪያው ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ በመሆኑ እሱ ብዙም አይጎድልብሽም። ሰውነትሽ ሳይፈርስ ትምህርቱ የሚጠፋብሽ ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ስለ ጉንፋኑ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣ ጥናት 164 ጤነኛ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥ የጉንፋን ቫይረስ ተጨመረባቸው። ከስድስት ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት ከሰባት ሰዓት በላይ ከሚተኙት ይልቅ ጉንፋን የመያዝ ዕድላቸው ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። እህቴ፣ በገንዳው ውሃ ቅዝቃዜ አታሳብቢ።

ታዲያ ምን ላድርግ ላልሽው፣ ከአራቱ የንጋት ቀናት ሁለቱን ወደ ማታ አዙሪያቸው። ከሥራ እንደወጣሽ በቀጥታ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ገንዳ ግቢና 1 ሰዓት ሳይሞላ ጨርሺ። ይህን የምለው እንቅልፍሽን ለመቆጠብ ብቻ አይደለም። የሰውነት ሙቀት ከፍ የሚለው ከሰዓት በኋላ ወደ ማምሻው ነው፤ ጡንቻም ያኔ ይሰላል። ከአቴንስ 2004 እስከ ሪዮ 2016 ባሉት አራት ኦሊምፒኮች የተመዘገቡ የዋና ሰዓቶችን ያነጻጸረ ጥናት ዋናተኞች ምርጥ የሆኑት ከቀኑ 11 ሰዓት ከ12 ደቂቃ አካባቢ እንደሆነ አግኝቷል። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ግን ባሕር ዳር ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ነው። ሰውነትሽ ገና ሌሊት ላይ ሳለ ነው ሰዓት የሚያዝብሽ። ሁዳዴን የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ በባዶ ሆድ ንጋት ዋኝቶ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ለጡንቻ መጠገን አይመችም፤ የማታው ልምምድ ለምግብሽ ይቀርባል። ማታ መዋኘት እንቅልፍ ይነሳል የሚሉሽም ይኖራሉ፤ ከመኝታሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ እስካበቃ ድረስ ለአብዛኛው ሰው አይነሳም።

አሰልጣኝሽን «ልክ አይደለህም» ብለሽ አትጀምሪው፤ የሰው ፊት ነው። «ለሦስት ሳምንት ብቻ ይሞከርልኝ፤ ሁለቱን ቀን ማታ ልምጣ፣ ሰዓቴን አንተው ያዝልኝ» በዪው። እሱም ሰዓት የሚወድ ሰው ስለሆነ በቁጥር ይረታል። ደብተርሽ ላይ ከሰዓትሽ ጎን አንድ ረድፍ ጨምሪ፤ የተኛሽበትና የተነሳሽበት። ሌላ ምንም መሣሪያ አያስፈልግሽም። የእጅ ሰዓት ገዝቶ ጠዋት ጠዋት የእንቅልፍ ነጥብ እያነበቡ መጨነቅ ራሱን የቻለ እንቅልፍ ማጣት እየሆነ መጥቷል።

በቀሩት የንጋት ቀናት ዋዜማ ግን ቤትሽ መለወጥ አለበት። ምሳ ዕቃው ማታ 5 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ያዘዘ ማነው? እራት ሲሠራ አብሮ ይሠራ፤ እንጀራው ጠዋት ይጠቀለላል። የልጆቹ አባት በደብዳቤሽ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። ከሌለ ይቅርታሽን፤ ካለ ግን ምሳ ዕቃ መክደን ለማንም አይከብድም። ስልኩን በተመለከተ አልቆጣሽም። ከቀኑ ሙሉ ማንም «እማዬ» ወይም «ወይዘሮ፣ ተራዬ ደርሷል» የማይልሽ ያቺ ግማሽ ሰዓት ብቻ መሆኗን ከደብዳቤሽ ተረድቻለሁ። አትተያት፤ ወደ እራት ቅርብ አምጫትና አልጋ ላይ አትያዥው። ቪዲዮው ከብርሃኑ ይልቅ «አንድ ብቻ» እያስባለ ነው የሚያመሽሽ።

ቡናው ይከብዳል፤ የጎረቤት ነገር ነዋ። የዘጌ ቡና እየተቆላ፣ ዕጣኑ እየጨሰ «እኔስ ይቅርብኝ» ማለት ቅያሜ ያመጣል። ስሌቱን ግን እወቂው። ጤነኛ ሰው ከጠጣው ካፌይን ግማሹን ለማስወጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 2 ሰዓት የጠጣሽው አቦል ግማሹ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ደምሽ ውስጥ አለ። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ይህ ጊዜ እጥፍ ይሆናል፤ ብዙ ሴት ይህን አይነገራትም። ሰው አልጋ ከመግባቱ ስድስት ሰዓት በፊት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ወስዶ ከአንድ ሰዓት በላይ እንቅልፍ እንዳጣ የለካ ጥናትም አለ። የምመክርሽ፣ በአዘቦት ቀን ተሰብሰቡ፣ ተጫወቱ፣ አንቺ ግን አቦሉንም ቶናውንም አሳልፈሽ በረካውን ቅመሺ። የሰንበቱን ቡና ከምሳ በኋላ አድርጉትና እስከ ሦስተኛው ጠጪ።

የቀን እንቅልፍ አትናቂ። ምሳ በልተሽ 20 ደቂቃ ጋደም ማለት ከቻልሽ፣ ወንበር ላይም ቢሆን፣ በቀኑ ማታ ለሚጠብቅሽ ልምምድ ይረዳሻል። ከ30 ደቂቃ ካለፈ ደንዝዘሽ ትነቂያለሽ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ከሆነ የሌሊቱን ይሻማል። የወባ ትንኝ ከሚያንሾካሹክበት ሌሊት ደግሞ አጎበር ያድንሻል፤ ለወባም ለእንቅልፍም።

ስለ ውድድሩ ዋዜማ አትጨነቂ፤ ከብዙዎቹ ጋር ነሽ። በአውስትራሊያ ከተጠየቁ 283 አትሌቶች ውስጥ 64 በመቶዎቹ ባለፈው ዓመት ከውድድር በፊት ክፉኛ የተኙበት ሌሊት እንደነበራቸው ተናግረዋል፤ ያስጨነቃቸውም ራሱ ውድድሩ ነው። ብዙዎቹ ውጤታችንን አልጎዳውም ብለዋል፤ ከላይ ያነሳሁልሽ የእንግሊዙ ጥናትም ይህን ይደግፋል። አንድ ሌሊት ጉልበት አይነጥቅም። ስለዚህ የሚያስፈልግሽ የዋዜማው እንቅልፍ ሳይሆን የዋዜማው ሳምንት ነው። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሰባት ቀናት በየሌሊቱ አንድ ሰዓት ጨምሪና ዋዜማውን እንደመጣ ተቀበዪው። እንቅልፍ እንቢ ካለሽ አልጋው ላይ አትታገዪ፤ ተነሺ፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን ተቀመጪ፣ ሲጫጫንሽ ተመለሺ።

ኪኒኑን የማልፈልገው ለዚህ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ ሰው ለእንቅልፍ የሚጠይቀው ዲያዜፓም ከአንድ ቀን በላይ ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ጡንቻ ያላላል፣ ምላሽ ያዘገያል። በማግስቱ ውሃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ይህ አደጋ ነው፤ ጥልቅ ውሃ ከሆነማ አንድዬ ያውቃል። ከውጭ የሚመጣው ሜላቶኒን ይሻላል ቢሉሽ፣ እሱ ዋና ሥራው የሰውነትን ሰዓት ማዛወር እንጂ ማስተኛት አይደለም፤ ባሕር ዳር ለሚኖርና ባሕር ዳር ለሚወዳደር ሰው ብዙ አይጠቅምም።

ማታ ታንኮራፊያለሽ የሚሉሽ ከሆነ፣ ሰባት ሰዓት ተኝተሽም ሥራ ላይ የምታንጎላጂ ከሆነ ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። ይህ የሰዓት ማነስ ላይሆን ይችላል።

የእሑዱ ነገር ይቀራል። ጣና ላይ ፀሐይ ሳይወጣ አትግቡ። ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው የሚመለሰው ንጋት ላይ ነው፤ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እሱ ሲገባ እናንተ አትግቡ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋስ ያነሳና ማዕበሉ ለጀማሪ ዋናተኛ ይከብዳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለው ይሻላችኋል፤ እግረ መንገዱን እሑድ አንድ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ትተኛለሽ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ከዳር ርቆ የመሄዱን ውሳኔ ሲወስን ልኩን ይስታል። የሳምንቱ ልምምድ ያደከመሽ ዕለት ከሌሎቹ ጋር ወደ ውስጥ አትውጪ፤ ዳር ዳሩን ዋኚ፣ አብሮሽ የሚሄድ ታንኳ ካለ ደግሞ ደስ ይለኛል።

ጣና ላይ ከዋኘሽ ሌላም ነገር አለ፤ ቢልሃርዚያ። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ጥገኛ ፀሐይ ሲበረታ ወደ ቀትር ላይ ይበዛል። ጠዋት መግባት ይቀንሰዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ወጥቶ በፎጣ መድረቅም ዋስትና አይሆንም። ሰው ላይ ቆይቶ ድካምና የደም ማነስ ያመጣል፤ ያ ድካም ደግሞ ከእንቅልፍ እጦት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ስለዚህ ሦስቱን ሳምንት በደንብ ተኝተሽ ሰዓትሽ ካልተመለሰ የሰገራና የደም ምርመራ አድርጊ። ከተገኘብሽ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው፤ ይድናል። ካርድ ክፍል ስትሄጂ «ድካም» ብለሽ ብቻ አትመለሺ። ሐይቅ ውስጥ እንደምትዋኚ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የባንክ ሠራተኛ ነኝ ካልሽው እሱ በራሱ አይጠይቅሽም።